ጫጩት ያልፈለፈለው ማሽን

ፖሊሶቹ ዓለም ገና ከተማ የተከራየሁበት ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቁት ስሜን አልነበረም። «ይሄ ድምፅ ምንድነው?» አሉ። የማራገቢያዎቼ ድምፅ ነበር። አከራዬ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀድመውኝ መለሱ፤ «ጫጩት ያስፈለፍላል ልጄ። ምስኪን ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ክሪፕቶ ማይኒንግ ስጀምር፣ ኮምፒውተር ቀን ከሌት እያሰላ ዲጂታል ገንዘብ ያስገኛል ብዬ ማስረዳት አቃተኝ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ድምፁም አያቋርጥም፤ በቃ ጫጩት መፈልፈያ ነው አልኳቸው። ሲፈለፈሉ ሁለት እንደምሰጣቸው ቃል አስገብተውኝ አራት ወር ጠበቁ።

ፖሊሶቹ ክፍሉን ገለባብጠው ጫጩት አጡ። ያገኙት እንጨት ላይ የተደረደሩ የኮምፒውተር ካርዶችና ሽቦ ነው። ጊዜው በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ምክንያት መንገድ በድንጋይ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ነበርና ሽቦ የበዛበትን ወጣት ዝም ብሎ የሚያልፍ አልነበረም። ማሽኑ በአንድ መኪና፣ እኔ በሌላው ተጫንን። ባጃጄን ሸጬ የገዛሁት ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከራሴ ይልቅ ለእሱ ነበር የተጨነቅኩት።

ሰበታ ያስገቡኝ ክፍል የድሮ መጋዘን ነው። የስንዴ አቧራ ይሸታል፤ ከፍ ብላ አንዲት መስኮት አለች። ሃያ ያህል ሰው ነበርን። ጋቢ የለበሱ የፉሪ ገበሬ «ኣካም ጂርታ፣ ጉርባ?» — እንደምን አለህ፣ ልጅ? — ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሁላችንም ኦቦ ነበር የምንላቸው። ስብሰባ ላይ «መሬታችን ለምን ይሄዳል?» ብለው ተናግረው ነው የገቡት። ከጎናቸው አንድ የሱሉልታ ሯጭ ነበር። ሰልፉ ሲበተን ሁሉም አመለጠ፤ እሱ ብቻ የወለቀች ጫማውን ሊያነሣ ተመልሶ ተያዘ።

«አንተስ በምን ገባህ?» አሉኝ ኦቦ።

«በጫጩት።»

የእማማንና ቃል የገባሁላቸውን ሁለት ጫጩት ነገር ማታውኑ ነገርኳቸው። በማግስቱ ከኦቦ ቤት ቆሎ ገባ። ማሽኔን ላስረዳቸው ብዬ ትንሽ ቆሎ ጨበጥኩ። «እጄ ውስጥ ስንት ፍሬ አለ? በትክክል የገመተ ሁሉንም ይወስዳል። የማሽኔም ሥራ ይኸው ነው፤ ያለ ዕረፍት ቁጥር መገመት። በየአገሩ ያሉ ማሽኖችም ይገምታሉ፤ ቀድሞ ያገኘው ሽልማቱን ይወስዳል።»

«ስንት ወር ገመትክ?»

«አራት።»

«ስንት ጊዜ አገኘህ?»

«አንድም።»

ሳቁ ጠባቂውን አስመጣው። ኦቦ ግን አልሳቁም። «ለምን ከሌሎች ጋር ሆነህ አትገምትም?»

«ብቻዬን ካገኘሁ ሙሉውን ልወስድ ነዋ!»

«ያ ጉርባ! ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሲያጉረመርም ብቻውን የሚያጭድ ገበሬ አይተሃል? ደቦ አይጠራም?»

ቆሎውን ሌላ እስረኛ ጨበጠ፤ እኛ ስድስት ሆነን የምንገምታቸውን ቁጥሮች ተከፋፈልን። ሯጩ በሁለተኛው ዙር አገኘውና አምስት አምስት ፍሬ ደረሰን። ባለ ማሽን ነኝ ባዩ እኔ፣ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ማወቅ ያለበትን ነገር ኮምፒውተር ነክተው ከማያውቁ ሰው ተማርኩ። ተባብሮ መገመቱን የማይኒንግ ሰዎች ፑል ይሉታል፤ እኔም ስሙን አንብቤ በስግብግብነት አልፌው ነበር። ሯጩም የበኩሉን ጨመረ፤ «ማሽንህን ከሞቀው ሱሉልታ አምጣው፤ ብርዱ በነፃ ነው።»

በአምስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ማሽኔ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ማራገቢያ ተሰብሯል። መርማሪው አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ማሽኑ የኦቦ የአድማ መልእክት ማስተላለፊያ ነበር ይላል።

«ፈርምና ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ሰውዬው እንደሆነ ባትፈርምም አይቀርለትም።»

አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። በጣም ፈልጌ ነበር። እስክሪብቶውን አንሥቼ ክዳኑን ከፍቻለሁ። ጣቴ ላይ የቆሎው ጨው ነበር። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና እስክሪብቶውን ሰጠሁት። «እኚህን ሰው ያወቅኳቸው እናንተ ስታስተዋውቁን ነው» አልኩ።

ስመለስ ኦቦ «ምን አሉህ?» አሉኝ።

«ጫጩቶቹን ጠየቁኝ።»

ውለታ እንዳይመስላቸው ብዬ ሌላውን አልነገርኳቸውም። በሳምንቱ ተለቀቅኩ፤ ማሽኑ እዚያው ቀረ።

ከወራት በኋላ ኦቦ ተፈትተው ዓለም ገና ድረስ መጡ። የያዙት ካርቶን ውስጡ ይንጫጫል። «ለአከራይህ ነው» አሉኝ። «ለፖሊስ ዋሽተው እንዳይቀሩ።»

ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። ስሸኛቸው በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እኔንም ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። ‹ባለ ሽቦው ልጅ መልእክተኛዬ ነው ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ስንዴህን ታጭዳለህ› አሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ጫጩት ነጋዴ ነው አልኳቸው።»

«ስንዴውስ?» አልኳቸው።

«ጎረቤት በደቦ አጨደልኝ።»

ዛሬ ሱሉልታ፣ ሯጩ ቤት፣ ሌላ ማሽን አለኝ። ፑል ገብቻለሁ፤ የሚደርሰኝ ትንሽ ነው፣ ግን ይደርሰኛል። ያ እስክሪብቶ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ብፈርም ኖሮ ኦቦን በምን ዓይኔ አያቸው ነበር? እማማ ግን ሐሳብ የላቸውም። የእነዚያ ጫጩቶች ዘር ግቢያቸውን ሞልቶታል፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ልጄ በማሽኑ ያስፈለፈላቸው ናቸው ይላሉ። እኔም አላርማቸውም።