የሎኮ አምስት መርፌ

ሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በአለቃዬ አጭር ትእዛዝ ነው። ከነገሌ ቦረና ወዲያ ያለ አንድ ትንሽ የመንግሥት ሆስፒታል ፔኒሲሊን መጠየቅ አብዝቷል፤ ሄደህ እይ፣ በከንቱ የሚወጉት ከሆነ እንቀንስባቸዋለን አሉኝ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ ሰዎቹ በደንብ ተቀብለውኛልና። እኔ የመድኃኒት ቀማሚ ነኝ። ኑሮዬ ከመደርደሪያና ከብልቃጥ ጋር ስለሆነ መንገድ አልወድም፣ አቧራ ደግሞ የጠላቴን ያህል ነው። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ ነጠላ ጫማዬን ሳይቀር በሻንጣዬ ከታ፣ ትንሿን ልጃችንን ታቅፋ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ።

ክብረ መንግሥት

ሻሸመኔና አዋሳን አልፈን፣ ወንዶን ስንተው መንገዱ ደን ውስጥ ገባ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ቀዩ ጭቃ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ይዞት ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ገፋ። እኔም ገፋሁ፤ ከገፉት ሁሉ የቆሸሸው ግን የእኔ ሱሪ ነበር። ክብረ መንግሥት ስንደርስ በአንድ ብር አልጋ ያዝኩ። ራት ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ወርቅ ቆፋሪ የመድኃኒት ሰው መሆኔን ሲሰማ ራት ጋብዞኝ እግሩን ገልጦ አንድ ቁስል አሳየኝ። የፔኒሲሊን ዱቄት ከሻኪሶ ገዝቶ ሲነሰንስበት እንደ ሰነበተ ነገረኝ። ቁስሉ ግን አልዳነም። በሳሙናና ፈልቶ በበረደ ውሃ እንዲያጥበው፣ ሐኪም ቤትም እንዲሄድ መከርኩት። እንዲህ ያለ ርካሽ ምክር ለመስማት ራት እንዳልጋበዘኝ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ወደ ቆላው

ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ጋቢና ተጓዝኩ። የዳዋን ወንዝ ስንሻገር ደኑ አልቆ ግራርና ኩይሳ ብቻ ሆነ፤ አፈሩ እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ነገሌ ላይ ሾፌሩ የፍየል ሥጋና ፓስታ አስበላኝ። ሻሂው በግመል ወተት የተፈላ ነበር፤ መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ኋላ ሁለተኛ አዘዝኩ። በከተማዋ ያለው የጦር ሰፈር ወታደሮች ሚስቶች በየአገራቸው አነጋገር ገበያውን ሞልተውታል፤ ሻጮቹ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱላቸዋል። ካሰብኩት በላይ ደስ የምትል ከተማ ናት።

ሆስፒታሉ

የሆስፒታሉ ኃላፊ አቶ ታዬ የሚባሉ የጎጃም ሰው፣ ጤና መኮንን ናቸው። ረዳታቸው፣ መርፌ ወጊው ድሬሰር ጋልገሎ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ ቦረና ነው። አንድ ጠዋት ተቀምጬ አየሁ። ትኩሳትና ሳል ይዞት ለመጣ ሁሉ አንድ ጠንካራ የፔኒሲሊን መርፌ ወግተው ይሸኙታል። ኪኒን የታዘዘለትም ቅር ብሎት ሊልሞ፣ መርፌ ማለት ነው፣ ይላል። አለቃዬ ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩና ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«አቶ ወርቅነህ፣ ነገ የት እንደሚያድር የማላውቀውን ሰው የሳምንት ኪኒን ልስጠው?» አሉኝ።

እየተከራከርን ሳለ ዳኪ የምትባል ሴት ልጇን ሎኮን አዝላ ገባች። ባሏ ጂሎ ከኋላዋ አለ። ሎኮ ዓመት ያልሞላት ናት፤ የሳንባ ምች ይዟት ጎኗ እየሰረጎደ ትተነፍሳለች። ጋልገሎ ሲወጋት ድምፅ አላሰማችም። የእኔ ልጅ ስትወጋ እንዲህ ዝም ብላ አታውቅም፤ ደነገጥኩ። ይህች ልጅ በየቀኑ አንድ፣ አምስት መርፌ ካልተወጋች አትተርፍም አልኩ። አቶ ታዬም ያውቁታል፤ እንግዲያው እርስዎ አምስት ቀን እዚህ ያቆዩልኝ አሉ። ቤተሰቡ በረንዳው ላይ አደረ። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ትንፋሿ ቀለል ብሎ ጡት ያዘች፤ እኔም ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳው ባዶ ነበር።

ተናደድኩ። የጋልገሎ መልስ ግን ቁጣዬን አበረደው። ያን ቀን የጂሎ ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ተራ ነው። ከጥልቁ የኤላ ጉድጓድ ውሃ የሚወጣው ወንዶች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው እየተቀባበሉ ነው፤ ጂሎ ከጎደለ ሰልፉ ይበጠሳል፣ የሌላውም ከብት ይጠማል። ደግሞ ጡት የያዘች ልጅ ለእነሱ የዳነች ልጅ ናት። አቶ ታዬ የሆስፒታሉን ላንድሮቨር ቁልፍ ሰጡን። ጋልገሎ መርፌውን ቀቅሎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ኤላው ዳር

የውሃ ቀጂዎቹ ዘፈን ከሩቅ ይሰማል። ከብቱ ርቆ ቆሟል፤ ሲጠራ ብቻ መንጋ መንጋ ሆኖ ይመጣል። የሚጋፋ የለም። ተራውን የሚያስከብሩት አባ ሄረጋ የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋልገሎ በቦረና ሰላምታ አካም፣ ናጋ ብሎ ጀምሮ የከብቱን፣ የሣሩን፣ የዝናቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቀ። እኔ የመርፌውን ሣጥን ታቅፌ እቁነጠነጣለሁ፤ ሎኮ እናቷ ጀርባ ላይ እንደገና እንደ እሳት ትግላለች። ዳኪ ልጇ እንድትወጋ ፈቀደች፤ ወደ ሆስፒታል ለመመለስ ግን ባሏን ሳታማክር እግሯን አታነሣም። ባሏ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

ጋልገሎ እዚያው ጥላው ሥር ሦስተኛውን ወጋት። ትንሽ አቃሰተች እንጂ አላለቀሰችም። እኔ ወደ አባ ሄረጋ ቀርቤ ስለ ጀርምና ስለ መድኃኒት ብዙ አስረዳሁ። ሽማግሌው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ጋልገሎ እየተረጎመ ጠየቁኝ።

«መድኃኒቱም ተራ አለው?»

«አለው። በየቀኑ ነው፣ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል» አልኩ።

«ከብት ተራው ካለፈው ሌላው ይቀድመዋል። ይህን ማን ይቀድመዋል?»

«በሽታው» አልኩ።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩና ዘፈኑ ቆመ። የገዛ ልጃቸው ልብሱን ጥሎ ወረደ፤ ጂሎ ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣ። የልጅህ ተራ ነው አሉት። ጂሎ ከብቶቹን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየና ሎኮን ከዳኪ ጀርባ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። በዚያች ሰዓት እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

በአምስተኛው ቀን ጋልገሎ በሩ ላይ ብቅ ከማለቱ፣ መርፌውንም ገና ሳያነሣ፣ ሎኮ እሪ ብላ አለቀሰች። እናቷ ሳቀች፣ አቶ ታዬ ሳቁ። በረንዳው ላይ ደግሞ ከኤላው የተላኩ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ የሚያድሩበትን ምንጣፍ ጭምር ተሸክመው ቆመው ነበር።

መመለስ

በመጣሁበት መንገድ፣ በዚያው ጭቃ ተመለስኩ። ለአለቃዬ ፔኒሲሊኑ እንዳይቀነስ ነገርኳቸው። ይልቅ በሽተኛው መርፌውን እስኪጨርስ የሚያድርበት ጥላ ይሠራ፣ አቶ ታዬም ከአባ ሄረጋዎቹ ጋር እየተማከሩ መርፌውን ይዘዙ አልኩ። «ፔኒሲሊን መርምር ብዬ ብልክህ ጎጆ ይዘህ መጣህ?» ብለው ቀለዱብኝ፤ እናያለን አሉ። መድኃኒት ከመደርደሪያዬ ሲወጣ ሥራዬ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አሁን ብልቃጥ ባነሣሁ ቁጥር ተቀባዩ ነገ የት እንደሚያድር አስባለሁ።

በሳምንቱ ትንሿን ልጃችንን ክትባት ልናስከትብ ወሰድናት። መርፌው ገና ሲነካት ክሊኒኩን በጩኸት አናወጠችው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ባለቤቴ ተቆጥታ፣ ልጅህ እያለቀሰች ትስቃለህ ወይ አለችኝ። ልጅቷን ተቀብዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኳትና ዝም እስክትል ድረስ ለእናቷ የሎኮን ነገር ነገርኳት።