እትዬ አስካለና ጎማ ያላት ቤት

ይህ የሆነው በ2021 ጁላይ ላይ፣ እዚሁ ኮሎምበስ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በአንድ ቀን እንደዚያ ደንግጬም አፍሬም ስለማላውቅ አይረሳኝም።

ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ስለምትገባ እናቷን እትዬ አስካለን "አደራ፣ ዓይንህን እንዳትነቅል!" ብላ አስረከበችኝ። እትዬ ከአገር ከመጡ ጀምሮ ኮሮና ቤት አስቀምጧቸዋል። እንግሊዝኛ የለ፣ ስልክ የለ፤ ደም ግፊት ግን አለ። ምሳ ቋጥረን ከልጄ ጋር ካናል ዊንቸስተር አካባቢ ሐይቅ ያለበት ፓርክ ወሰድኳቸው።

ለካ የዚያን ቀን የጥንት ትሬለር ወዳጆች እዚያ ተሰብስበዋል። ትሬለሮቹ ፈረንጆች በመኪና አገር መዞር በጀመሩበት ዘመን የተሠሩ፣ መኪና ኋላ የሚጎተቱ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። አንዳንዱ ጣውላ ነው፤ አንዳንዱ ሸራ ተቀጥሎበታል። ባለቤቶቹ ምድጃ ደጅ አውጥተው ያበስላሉ። እኔ የመኪና ነገር ካየሁ ልቤ አይገኝም። የአንዱን ጎማ ጎንበስ ብዬ አይቼ ቀና ስል እትዬ የሉም። ምሳችንም የለም።

ሐይቁ ቅርብ ነው።

"አያትሽስ?" አልኳት ልጄን።

"አይ ዶንት ኖው፣ ዳዲ።"

እጇን ይዤ እየተጣራሁ ሮጥኩ። ለባለቤቴ ኮል አድርጌ ምን እንደምላት ጨነቀኝ።

በመጨረሻ አንዲት የጣውላ ትሬለር ውስጥ አገኘኋቸው። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ዘጠና አምስት ዓመት የሚሆናቸውን ነጭ አሮጊት ያጎርሳሉ! የአሮጊቷ ልጅ፣ ራሱ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ጥብሳችንን ይበላል።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ዝም በል! ኮሮና ሥራ አስፈትቷቸው፣ ቤታቸውን ተነጥቀው ሜዳ ላይ ወድቀዋል፤ አታይም? እኛ ማታ እንበላለን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውዬው ትሬለሯን የጎተተበት መኪና የእኔን ዓይነት ሦስት ይገዛል፤ በኋላ እንደነገረኝ ደብሊን በምትባለው፣ እዚሁ አጠገባችን ባለች የሀብታም ሰፈር የሚኖር የጥርስ ሐኪም ነው። "ሶሪ፣ ቤት ያጣችሁ መስሏቸው ነው" ብዬ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቅኩና ሳቃቸውን መጠበቅ ጀመርኩ።

አሮጊቷ ግን አልሳቁም። እንደነገሩኝ፣ ትሬለሯን አባታቸው ለሽርሽር ብለው በገዛ እጃቸው የሠሯት ናት። ብዙም ሳይቆይ የዛሬ ዘጠና ዓመት ግድም አገሩን ያራቆተው ያ ክፉ የሥራ እጦት ዘመን መጣና ቤታቸውን አጡ። እሳቸው ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ ከሰፈር ሰፈር እየተባረረ፣ ሁለት ክረምት በበረዶ ያሳለፈው እዚያችው ትሬለር ውስጥ ነው።

"ያኔ ሳህን ይዞ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም" አሉኝ፣ የእትዬን እጅ እንደያዙ። "እባክህ፣ ተሳስተዋል ብለህ እንዳትነግራቸው።"

አልነገርኳቸውም። ብርድ በገባ ቁጥር እትዬ "እነዚያ ምስኪኖች ቤት አገኙ ይሆን?" ይሉኛል።

"አግኝተዋል፣ እትዬ። ትልቅ ቤት" እላቸዋለሁ።

እጃቸውን ዘርግተው ፈጣሪን ያመሰግናሉ። እኔም ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ ይሞላል።