ያላዘዟቸው ፎቶዎች

አዳማ ላይ ፎቶ ቤት ላላት ጓደኛዬ ለሰላም፣ ያረጀ ፎቶ አድሶ የሚያትም ፕሮግራም ሠርቼላት ነበር። ሥራ በጀመረበት ቀን እማማ ዘይነባ የሚባሉ አዛውንት የሟች እናታቸውን የተቀዳደደ ፎቶ ይዘው መጡ።

"አንዲት ብቻ አትሙልኝ" አሉን።

ሰላም "አትም" የሚለውን ስትጫን የፕሮግራሙ መስኮት ደርቆ ቀረ። ደንግጣ ደጋግማ ተጫነችው። ጥፋቱ የኔ ነበር። መስኮቱን የሚስለውም ክሊክ የሚቀበለውም አንድ ትሬድ፣ ማለትም አንድ የሥራ መስመር ነው። ፎቶ የማደሱን ከባድ ሥራ ለሌላ ትሬድ መስጠት ሲገባኝ እዚያው ላይ ጫንኩበት። ክሊኮቹ ግን አልጠፉም፤ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። እድሳቱ ሲያልቅ ፕሪንተሩ ያንኑ ፎቶ እየደጋገመ ይተፋው ጀመር።

"ይቅርታ እማማ፣ ትርፉን እንጥለዋለን" አልኩ አፍሬ።

እማማ ፎቶዎቹን ሰብስበው ደረታቸው ላይ ለጠፏቸው። "እንዳትነካ! የእናታችንን ፎቶ ማን ይያዝ ብለን ከእህቶቼ ጋር ተኳርፈናል። እኔ እልህ ይዞኝ ነፈግኳቸው፤ አላህ ግን ይኸው አተመላቸው። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፤ ተባረክ!"

እንደዚያ ቀን ተመርቄ አላውቅም። በማግስቱ እድሳቱን ወደ ሌላ ትሬድ አዛወርኩት፤ መስኮቱም መድረቁን ተወ።

ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ስደርስ፣ እማማ ዘይነባን ቁርጥ እሳቸውን የሚመስሉ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋቸው መስታወት ፊት ነጠላቸውን ያስተካክሉላቸዋል።

"መጣህልን? ና፣ ሦስታችንንም አንድ ላይ አንሱን!" አሉ እማማ።