የጋሽ ይርሳው መኪና ሦስት ቀለም

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንድ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ...

«ልጄ፣ የኔን መኪና ውሸት ናት ብለህ የጻፍኸው አንተ ነህ?»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። አሮጌ የጭነት መኪኖች የሚሸጡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም አለሁ። እዚያ የሚለጠፈው ውሸት ማለቂያ የለውም። «ሞተሯ ያልተነካ» ይሉና ፎቶው ላይ ያለው የሌላ መኪና ሞተር ነው። «ጎማዋ አዲስ» ይሉና ጎማው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አንዱማ የጎረቤቴን መኪና ፎቶ ለሽያጭ አውጥቶት ነበር... ጎረቤቴ እንጨት ጭኖባት መንገድ ላይ ነው፣ ስለ ሽያጩ የሰማው ነገር የለም።

እንዲህ ያለውን አይቼ ማለፍ አልችልም፣ ከሥሩ እጽፋለሁ። ቀስ በቀስ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት እኔን መጠየቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን በጣም ደክሞኛል። በየቀኑ ፎቶ ይላክልኛል፣ ምሳዬን እየበላሁ ሳይቀር የሰው ውሸት ስመረምር እውላለሁ። እናቴ እንኳ «ደኅና ነኝ» ስትለኝ እውነቷን ነው ወይ እላለሁ።

ከቡሬ ለሽያጭ የወጣችውን መኪና ያየኋት እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው። የጣሊያን ሥሪት፣ ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ካሶኒ ያላት፣ ቀይ ቀለም የተቀባች አሮጌ የጭነት መኪና። «የ1970፣ ከአንድ እጅ ያልወጣች» ይላል ጽሑፉ። ፎቶዎቹን አጉልቼ አየሁ። በሯ ላይ የተመታችው የፋብሪካ ሰሌዳ የምትለው ሌላ ዓመት ነው። መኪናዋ ከተባለላት ዕድሜ ታንሳለች። የድሮ መኪና የሚሰበስቡ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ባረጀች ቁጥር ነው የሚወዷት... ገባኝ አልኩ። መከላከያዋ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ከቀዩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ አለ። ሦስት ቀለም፣ ሦስት ባለቤት ብዬ ደመደምኩ።

ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ። «ዓመቱም ውሸት፣ አንድ እጅ የተባለውም ውሸት። ሰው የራሱን ዕድሜ ሲቀንስ አይተናል፣ መኪናውን ሲያስረጅ ግን ገና ዛሬ አየን» ብዬ ለጠፍኩ። ግሩፑ ሳቀ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የደወሉልኝ የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ይርሳው ናቸው። ማስታወቂያውን እየነገሯት የጻፈችላቸው የመጨረሻዋ ልጃቸው ናት። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። አንድ የአዲስ አበባ ሰው መኪናዋን እንዳለች ገዝቶ ሊይዛት ተስማምቶ ነበር፣ የኔን ጽሑፍ አይቶ ቀረ። አሁን በራቸው ላይ የቀረው ቆራርጦ ለብረት የሚፈልጋት ነጋዴ ብቻ ነው። ይኼን ሁሉ በቀስታ ነገሩኝ።

«እሷስ ብረት ናት... እኔን ግን ከቅዳሴ መልስ ዋሾው መጣ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ለባለቤቴ ብነግራት «ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም። ድንጋዩን ተውኩት እንጂ በማግስቱ በሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድኩ። ማንኩሳን ስናልፍ የይቅርታ ቃሌን ለሦስተኛ ጊዜ እያጠናሁ ነበር።

ጋሽ ይርሳው ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ያጠናሁትን ሳልጀምር እጄን ይዘው ወደ መኪናዋ ወሰዱኝና መከላከያዋን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሦስት ሴት ልጆች ዳርሁ። ሠርገኛውን ሁሉ የጫነችው እሷ ናት፣ ለየሠርጉ አዲስ ቀለም ቀባኋት። አረንጓዴው የታላቂቱ ነው።»

ቀዩ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ማስታወቂያውን የጻፈችው ልጅ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ዓመቱስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው አዲሷን የገዛኋት። ታዲያ ምን ብየ ላስጽፍ?»

ሰሌዳዋን አየኋት። 77 ትላለች... በፈረንጅ።

የእኛና የፈረንጅ ዓመት እንደማይገጥም ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔም ሊብሬ ባየሁ ቁጥር በጣቴ እየቆጠርኩ የምኖር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ውሸት ስፈልግ ስለነበር መቁጠሩ ትዝም አላለኝ። አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አነሱኝ፣ አንተም ደክሞህ ይሆናል አሉኝ። ቢቆጡኝ እችለው ነበር፣ ይኼኛው ግን አስለቀሰኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እኔም ልለቅም ካሶኒዋ ጥግ ቁጭ አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ግሩፑ ላይ ዓመቱን አስረዳሁ፣ የቀለሞቹን ታሪክ ጻፍኩ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው አልኩ። ለአዲስ አበባውም ሰው ለብቻው ላክሁለት። ጋሽ ይርሳው መልሱን እንዳነብላቸው አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ። ወዲያው መጣ።

«ሽማግሌው ስንት ከፈሉህ?»

ያለ ማስረጃ የጻፍኩትን ያመነ ሰው፣ እውነቱን ስነግረው አላመነኝም። ስልኬን አጠፋሁት።

ጋሽ ይርሳው ምን አለ አሉኝ። ገና አልመለሰም አልኳቸው... ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲያው ያን የብረት ነጋዴ እስከ ፋሲካ ታገሠኝ እለዋለሁ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ስለዚያች መኪና የተዋሸ ውሸት ቢኖር ይኼ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱንም የዋሸሁት እኔ ነኝ።