አመሉን ሳልናገር የሸጥኩት ፒካፕ

አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። በከላላ ከተማ ገበያ በቅሎ ሲሸጡ፣ ልጓሙን ለገዢው ከማስረከባቸው በፊት፣ ሰው እየሰማ የበቅሎዋን አመል ይናገራሉ። «ውሃ ስታይ ትደነብራለች»፣ «ከኋላ ከተጠጓት ትራገጣለች» ይላሉ። አመል ደብቆ የሸጠ ሰው ከብቱ በተመለሰበት ቀን ያለ ክርክር ይቀበላል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። አሮጌ ፒካፔን ስሸጥ ግን አፌን ዘጋሁ።

ገዢው ከላላ ውስጥ እህል የሚነግድ ጎልማሳ ነው። መኪናውን ከገዛ ወር እንኳ ሳይሞላው እኔ እስከምኖርባት መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ወደ ነገሩ ገባ።

«ጋሼ፣ መኪናው ዳገት ላይ ይጠፋብኛል። ጋራዥ ስወስደው ደግሞ ደህና ነው። መካኒኩ ፈትሾ ፈትሾ ምንም አላገኘበትም።»

ደሜ ፈላ። ድሮም ቁጡ ነኝ፤ ሚስቴ «አንተ እኮ እሳቱ ሳይነድ ትፈላለህ» ትለኝ ነበር። «ነድተህ፣ አይተህ ነው የገዛኸው! ጭነት አብዝተህበት ይሆናል» አልኩት። ጭነት እንዳላበዛበት ግን ልቤ ያውቃል። በሽታው የቆየ ነው።

እሱ አልተቆጣም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ጋሼ። ወላሂ፣ ልጣላዎት አልመጣሁም። በእርስዎም ጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር?»

 «አዎ» ካልኩ ያን ቀን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ያን ቀን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያን ቀን ሚስቴን ሆዷን ክፉኛ አሟት ወደ ደሴ፣ ሐኪም ዘንድ እየወሰድኳት ነበር። ወረኢሉ ሳንደርስ ዳገቱ መሃል መኪናው ቀጥ አለ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሽቦ ነቀልኩ፣ ሽቦ ሰካሁ፣ ጎማውን በእርግጫ መታሁ፣ የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ። ሚስቴ ከጋቢና ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። «ና እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጥ» ነው ያለችኝ። እኔ ቀና እንኳ ሳልል «ቆይ! ቆይ አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ሦስተኛ አልጠራችኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ስታገል ቆይቼ ሞተሩ ተነሳ። በደስታ በሩን ከፍቼ «ይኸው፣ ጠገንኩት!» ስል ራሷ መስኮቱ ላይ ዘንበል ብሏል፤ ትንፋሿ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከእኔ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ያ ቁጣ ሆነ።

አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረችኝ። ጀርባዬን የሰጠኋት ለእሷ ብዬ ነው እላለሁ። መኪናውን ባልጠግነው ኖሮ እዚያው እንቀር ነበር እላለሁ። በዚህች ነበር የምተኛው።

ገዢው ወሬውን ቀጠለ። «ትናንት እናቴን ይዤ ከወረኢሉ ስመለስ ዳገት ላይ ጠፋ።»

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ምን አደርጋለሁ? ስለ ሞተር አላውቅ። ጥላ ይዤላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። የልጅነቷን ስታጫውተኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ ቁልፉን ባዞረው ተነሳ። ለካስ ሲበርድለት ራሱ ይነሳል፤ መነካካትም አያስፈልገው።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን እጄ ምንም አልጠገነም ነበር። ከአጠገቧ ብቀመጥም መኪናው በዚያው ሰዓት ይነሳ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «አመሉን ሳልነግርህ ነው የሸጥኩልህ። አምጣው፣ እቀበልሃለሁ።» ከዚያ ሁሉን ነገርኩት፤ እስከ «ቆይ አልኩሽ እኮ» ድረስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀስኩ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ አይዞዎት» አለኝ። ስለ መኪናው አንድም ቃል አልጨመረም። አቧራው ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሚስቴ የለመነችኝ ይህችን ብቻ ነበር።