ያበራል የተባለው ድንጋይ

ስልኬን ላስጠግን አሰላ አንድ ሱቅ ብገባ፣ ከጮሌ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ባንኮኒው ላይ ነጣ ያለ ድንጋይ አስቀምጠው መብራት ይመርጣሉ። ባለሱቁ የሐሰተኛ ብር መለያ መብራቶቹን ደረደረላቸው። እሳቸውም እንዲጨልምላቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋዩ ላይ አበሩበት።

“ይኼ መብራቱ ራሱ ነው ሐምራዊ የሚሆነው” ብለው የመጀመሪያውን መለሱ። “እኔ ማየት የምፈልገው ድንጋዩ ሲያበራ ነው።”

“ምን ያደርግልዎታል፣ እማማ?” አለ ባለሱቁ።

“አንድ ተማሪዬ ነው ያመጣልኝ። ‘መሬት የሚያጠኑ ሰዎች በመብራት ሲያዩት አረንጓዴ ሆነ’ ቢለኝ፣ ውሸታም ብዬ ክፍሉ ፊት አንበረከክሁት። ሃያ ዓመት አለፈው።”

ሁለተኛውንም መለሱ። ሦስተኛውን ይዘው ጋቢው ውስጥ ሲቆዩ ባለሱቁ ደነገጠ።

“እማማ፣ ደኅና ነዎት?”

ሲገለጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ፊታቸው ግን ይስቃል። “አረንጓዴ ነው! ልክ እንደ ስንዴ ቡቃያ።”

መብራቱን ገዝተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ ከብጣሽ ወረቀት ላይ ቁጥር እያነበቡ ደወሉ።

“ሄሎ፣ ቲቸር ነኝ፣ የጮሌዋ። ኢተያ ነህ አሉኝ፤ ቤት ጠብቀኝ። አይ፣ በስልክ የሚባል አይደለም። እየመጣሁ ነው።”