ጠረጴዛ ላይ የተለካ ጉበት

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን የላብራቶሪ ሠራተኞች አዲስ አበባ ለስልጠና ተጠራን። የየክልሉ ላብራቶሪ የጉበት ኢንዛይምን በየራሱ መንገድ ስለሚለካ፣ ከእንግዲህ ሁላችንም በአንድ መመሪያ እንድንሠራ ነው። መመሪያው ደሙን ከመመርመሪያው ፈሳሽ ከሪኤጀንቱ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ሳታሞቁ ሳታቀዘቅዙ ጠረጴዛ ላይ አቆይታችሁ አንብቡ ይላል። ኢንዛይም ደግሞ ሲሞቀው ሥራው ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ደህናው ጉበት የተጎዳ ይመስላል። እጄን አውጥቼ፣ «የጋምቤላ ጠረጴዛ እንደዚህኛው አይቀዘቅዝም» አልኩ። ሹራብ የደረቡት አሰልጣኝ ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ ለጋምቤላ ብቻ መመሪያ አናወጣም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በበጋው አንዲት ሴት መጣች። በሰፈራ ከወሎ የመጣች ገበሬ ናት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ሳሉ ጋብ ብሎላት፣ ፊቷም መለስ ማለት ጀምሮ ነበር። መድኃኒቱ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ ምርመራ አዘዘላት። የዚያን ቀን ባሮ ዳር ያለው ዛፍ ቅጠሉ አይነቃነቅም፤ ላቤ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። በመመሪያው መሠረት ለካሁ። ቁጥሩ መድኃኒት ከሚያስቆመው ወሰን አለፈ።

አላመንኩትም። ከመጠጥ ውሃ እንስራችን ቀዝቃዛ ውሃ በሳፋ ቀዳሁ፣ ቴርሞሜትር ነከርኩ፣ ቱቦዎቹን እዚያው ውስጥ አቆየሁና በአዲስ አበባው ጠረጴዛ ሙቀት ደግሜ ለካሁ። ጉበቷ ደህና ነበር።

ሁለቱንም ውጤት ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር።

«በመመሪያው የተሠራው የትኛው ነው?» አለኝ።

«የመጀመሪያው። ግን ሙቀቱ ነው ያናረው።»

«ነገ ጉበቷ ቢበላሽ፣ በእንስራ ውሃ የተለካ ውጤት አምኜ ነው ልበል?»

መድኃኒቱን አስቆመው። ቁጥሩ ሲወርድ ትቀጥላለች አለ። ሙቀቱ ሳይወርድ ቁጥሩ ከየት ይወርዳል? በተመላለሰች ቁጥር ያው ሆነ። ጤና ቢሮ ሄጄ አመለከትኩ፤ «ከበላይ የጸደቀ ነው» ብለው መለሱኝ። ሳሉ ተመለሰባት። በመጨረሻ ባሏ ደግፎ አመጣት። ደም ስቀዳ ደጋግሜ ይቅርታ ስላት፣ «አብሽር ወንድምዓለም፣ አላህ ያለው ነው የሚሆነው» አለችኝ። አላህ ምን እንዳለ አላውቅም፤ መድኃኒቷን ያስቆመው ግን ወረቀት ነበር። ዝናቡ ሳይጥል ሞተች።

ከዓመታት በኋላ አዲስ መመሪያ መጣ። ከእንግዲህ የትም ቦታ ኢንዛይም በሰው ገላ ሙቀት እንዲለካ ያዛል፤ ወሰኑንም ለዚያ ሙቀት እንዲሆን ከፍ አድርጎታል። የሰው ገላ ሙቀት ማለት የእኛ የበጋ ጠረጴዛ ሙቀት ነው። አዲሱን መመሪያ ባስተማሩበት ስልጠና ማንም አልሳቀም። የእሷን የመጀመሪያ ቁጥር በቃሌ ይዤው ነበርና ከአዲሱ ወሰን ጋር አስተያየሁት። መድኃኒት የሚያስቆም አልነበረም።